መጀመሪያ ጀርባው ይለካ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቁራጭ ብረትና አራት ሜትር ስለማይሞላ የናይለን ጠፍር ነው። አየር በጀርባው አዝሎ ውኃ ውስጥ የሚገባ ሰው፣ ሲሊንደሩን ከገላው ጋር የሚያስተሳስሩለት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ብረቱን ጠላቂዎች «ባክፕሌት» ይሉታል፤ እኔ የጀርባ ዝርግ ብለው ይቀለኛል። ጠፍሩን መታጠቂያ እንበለው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዓይነት ዝርግ፣ አንድ መታጠቂያና አንድ ባዶ ሲሊንደር አስቀምጫለሁ። ስናገር ዓይናችሁ እነሱ ላይ ቢሆን ደስ ይለኛል።

እኔ የጎሬ ልጅ ነኝ። ጎሬንና ጋምቤላን ያዛመዳቸው ሸክም ነው። በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ከተፈቀደ በኋላ፣ የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ ጀርባና በሰው ትከሻ እየወረደ እዚህ ጋምቤላ ይከማች ነበር። ክረምት መጥቶ ባሮ ሲሞላ ደግሞ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ከጎሬ እስከዚህ ያለው ቁልቁለት አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ያህል ነው። በልጅነቴ ሽማግሌዎች ስለዚያ መንገድ ሲያወጉ፣ ከቡናው ዋጋ በፊት የሚነሣው የበቅሎዎቹ ጀርባ ነበር። አንዷ በቅሎ ከባድ ጭነት ይዛ ደኅና ትወርዳለች። ሌላዋ የእርሷን ግማሽ ተጭና ጀርባዋ ተገጥቦ መንገድ ላይ ትቀራለች። ለምን ሲባል መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መደላድሉ ተጣሟል፣ ወይም ጠፍሩ ካለቦታው ጠብቋል። አቀማመጡ ከተበላሸ ቀላሉም ጭነት ያቆስላል።

እናቴ ታናሽ ወንድሜን በአንቀልባ ስታዝልም አስታውሳለሁ። ጎንበስ ትላለች፣ ልጁን ጀርባዋ ላይ ታስተካክላለች፣ ጠፍሮቹን በትከሻዋ አሳልፋ ደረቷ ላይ ታመሳቅላለች፣ ወገቧ ላይ አዙራ ታስራለች። ከዚያ ቀና ትልና ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ነጠር ታደርገዋለች። ያቺ ነጠር ማድረግ መለኪያዋ ነበረች። ልጁ ከተንሸራተተ ፈትታ እንደገና ታስራለች። ጎረቤት አንቀልባዋን ተውሳ ስትመልስላት ደግሞ ቋጠሮውን ሳትፈታ አዝላ አታውቅም፤ የሌላ ሰው ቋጠሮ ለእርሷ ገላ አይሆንም። እንግዲህ አንቀልባ ማለት የጀርባ ዝርግና መታጠቂያ ነው። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ጅቡቲ ላይ የተቀጣሁት። ከብዙ ዓመት በፊት ለሥራ እዚያ ሳለሁ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ መጥለቅ ተማርሁ። ዕቃ ያከራየኝ ሰው ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ለካኝና «መካከለኛ» አለ። እንደ ሰደርያ የሚለበስ፣ አየር የሚሞላ፣ ትከሻው ላይ ወፍራም ስፖንጅ ያለው ትጥቅ ሰጠኝ። ጀልባው ላይ ቆሜ ስለብሰው ተመቸኝ። ውኃ ውስጥ ስገባ ሰደርያው ወደ ጆሮዬ ወጣ። ሲሊንደሩ ወደ ግራ ተንከባለለ፤ ቀና ባልሁ ቁጥር የሲሊንደሩ ራስ ማጅራቴን ይመታኛል። ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ትጥቄን በእጄ ስጎትት ቆይቼ፣ ያን የመሰለ ዓሣ ሳላይ፣ አየሬን ከሁሉም ቀድሜ ጨርሼ ወጣሁ። ማታ ልብሴን ሳወልቅ ትከሻዬ ላይ ሁለት ቀይ ሰንበር ነበር። እኔም ተገጥቤያለሁ ማለት ነው።

በማግስቱ ከእኛ ጋር የነበሩ አንድ አዛውንት ጠላቂ የራሳቸውን አሮጌ ዝርግ አመጡልኝ። ስፖንጅ የለው፣ ኪስ የለው፤ ብረትና ጠፍር ብቻ። እንደ እናቴ ጎንበስ አድርገውኝ፣ ጠፍሩን አንድ አንድ ጣት እየሳቡና እያላሉ ሃያ ደቂቃ ያህል ገላዬ ላይ ለኩት። ውኃ ውስጥ ስገባ ጀርባዬ ላይ ዕቃ መኖሩን ረሳሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ ምቾት ማለት ይህ መርሳት ነው። ጠላቂ ትጥቁን የሚያስታውስ ከሆነ ሐሳቡ ከሥራው ላይ ተነሥቷል፤ ትንፋሹም ይፈጥናል፣ አየሩም ቶሎ ያልቃል።

የነገሩን አመጣጥ ባጭሩ ልንገራችሁ። ፈረንሳውያኑ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 ጠላቂው በተነፈሰ ቁጥር ብቻ አየር የሚሰጠውን መሣሪያ ሲሠሩ፣ ሲሊንደሩ ጀርባ ላይ የሚታሰረው በተራ ጠፍር ነበር። ቆይቶ ለመንሳፈፊያ አየር የሚሞላ ከረጢት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከረጢቱና መታጠቂያው አንድ ላይ የተሰፉበት ሰደርያ ገበያውን ያዘ። በፍሎሪዳ ግን በውኃ የተሞሉ ዋሻዎች ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎች ወደ ቀላሉ ነገር ሄዱ። ዝርግ ብረት አጠፉ፣ አንድ ወጥ ጠፍር በቀዳዳዎቹ አሳለፉ፣ ከረጢቱን በብረቱና በሲሊንደሩ መካከል አደረጉት። ቢል ሆጋርዝ ሜይን የሚባለው የዋሻ ጠላቂ ትጥቁን ከማያስፈልግ ነገር ሁሉ ስላጸዳ፣ ይህ አስተጣጠቅ እስከ ዛሬ በስሙ «ሆጋርዝያን» ይባላል። እነዚያ ሰዎች የሚጠልቁት ጨለማ ውስጥ ነበር። ጭቃው አንዴ ከተነሣ የገዛ እጃቸው አይታያቸውም። ባሮም ክረምት ላይ እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ባሮ ለመዝናናት የሚጠለቅበት ውኃ አይደለም። አኝዋኮች ኦፔኖ የሚሉት ይህ ወንዝ አዞም ጉማሬም አለው፤ ሲሞላ ጉልበቱ ግንድ ነቅሎ ይሄዳል። በ1958 ዓ.ም. የሰላም ጓድ አባል የነበረን አንድ ወጣት አሜሪካዊ እዚሁ ጋምቤላ፣ ባሮ ውስጥ አዞ ገድሎታል። ዛሬ እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ታሪኩን ከአባቶቻችሁ አፍ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ወጣቶቻችን ይህን ንግግር ሰምተው ነገ ጠዋት ወንዝ እንዳይገቡ አደራ እላለሁ።

ታዲያ ስለ መጥለቅ የማወራው ሰው ስለሚሰምጥ ነው። ታንኳ ይገለበጣል። ልጅ ውኃ ሊቀዳ ወርዶ ይቀራል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ባሮ ከአፉ ሞልቶ ከተማው ውስጥ ሲገባ ያያችሁት እናንተ ናችሁ። ሬሳው ያልተገኘለት ቤተሰብ ኀዘኑን የሚያሳርፍበት ቦታ የለውም፤ ወንዙን እያየ ይኖራል። አዲስ አበባ ላይ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂዎች አሉት፤ ወንዝና ኩሬ የወሰደውን ሰው ሲያወጡ በየክረምቱ በዜና እንሰማለን። አዲስ አበባ ግን ከዚህ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከወንዙ ጋር ያደጉ የዚህ አገር ልጆች ሠልጥነው ሥራውን ራሳቸው ቢሠሩት የተሻለ ነው፤ አቦቦ ያለው የአልዌሮ ግድብም ቢሆን ከውኃው ሥር ገብቶ የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል። ያ ቀን ሲመጣ ዕቃ ይገዛል። ዕቃ በብዛት ሲገዛ ደግሞ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ተብሎ ነው። ስጋቴ ይህ ነው።

አንድ የኢታንግ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ፣ መዋኛ ገንዳ ላይ ሳለማምድ የሆነውን ላውጋችሁ። ሁለት ሜትር ሊሞላ አራት ጣት የቀረው ልጅ ነው። «ትልቅ» የተባለውን ሰደርያ አለበስነው። ወገቡ ላይ ሌላ ሰው ይጨምራል፤ ቁመቱ ግን ከጎድኑ በታች አልወረደም። ልጁ ዝቅ ብሎ አየና «ጋሼ፣ ይሄ የተሰፋው ለወፍራም ሰው ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። የፋብሪካ ልክ አንድ ቁጥር ከፍ ሲል በአብዛኛው የሚሰፋው ወደ ጎን ነው። በጋምቤላ ደግሞ ረጅምና ቀጭን ገላ ብርቅ አይደለም። ለዚህ ገላ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ፍለጋ ከመዞር፣ ገላው ላይ የሚለካ ጠፍር ማምጣት ይቀላል።

ዝርጉን አመጣን። ከረጢቱንም ሲሊንደሩንም ለጊዜው ወደ ጎን አደረግን፤ ሲለካ ባዶውን ነው የሚለካው። ውኃ ውስጥ የሚለብሰውን ልብስ ለበሰ፤ በስስ ሸሚዝ የተለካ መታጠቂያ በወፍራም ልብስ ላይ ያንቃልና። ከዚያ እጁን በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ልኮ የዝርጉን የላይ ጠርዝ በጣቶቹ ጫፍ እንዲነካ ጠየቅሁት። አልደረሰም። ዝርጉ ወደ ታች ወርዷል ማለት ነው። ማንገቻዎቹን ከሁለቱም በኩል እኩል አሳጠርንለት፤ አሁን ነካው። ቀጥሎ መዳፌን ዘርግቼ በማንገቻውና በደረቱ መካከል አስገባሁ። አራት ጣት ያለ ትግል ገብቶ መውጣት አለበት። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው፤ ጠበቅ ያለ ማንገቻ አስተማማኝ ይመስለዋል። የጠበቀ ማንገቻ ግን ትከሻን አስሮ ክንድን ያደነዝዛል፤ ከውኃ ወጥቶ ለማውለቅም መከራ ነው። ልጁ የግራ ክንዱን ከማንገቻው ውስጥ ማንንም ሳይጠራ ሲያወጣ ልኩ እንደተገኘ አወቅን።

የወገቡ ጠፍር ከዳሌው አጥንት በላይ፣ ሆዱን ሳይጨቁን ተቀመጠ። ደረቱ ላይ ያሉትን ሁለት ቀለበቶች ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ እንዲያገኛቸው አደረግሁ። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሁለቴ ሳታቸው፤ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አደረግናቸው። አራተኛው ላይ እጁ በቀጥታ ሄደ።

የመጨረሻው ጠፍር ከዝርጉ ግርጌ ተነሥቶ፣ በሁለቱ እግሮች መካከል አልፎ፣ ፊት ለፊት ወገብ ላይ የሚገባው ነው። ሰው መጀመሪያ ሲያየው ያፍርበታል፤ ፈትቶ የሚጥለውም አለ። ነገር ግን ዝርጉ ወደ አንገት እንዳይወጣ የሚይዘው እርሱ ነው። ቁልቁለት የምትወርድ በቅሎ ጭነቷ ወደ አንገቷ እንዳይሄድ ከጭራዋ ሥር የሚያልፈውን ጠፍር አስቡ። ጠላቂ ራሱን ወደ ታች አድርጎ ሲወርድ ያው ቁልቁለት ላይ ነው። እኔ ጅቡቲ ላይ ሰደርያው ጆሮዬ ድረስ የወጣብኝ ይህ ጠፍር ስላልነበረው ነበር። ልኩን ለማግኘት ጠላቂው ቁጢጥ ይበል፣ ጎንበስ ይበል፣ እግሩን ያንሣ፤ የትም ላይ ካልቆነጠጠው ደኅና ነው። በነገራችን ላይ የረጃጅም ሰዎች ትልቁ ችግር ይህ ጠፍር ማጠሩ ነው፤ ሲገዛ ረዘም ያለው ይገዛ፤ የተረፈው ይቆረጣል።

አሁን ወደ ክብደት ልምጣ፤ ሰዉ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነውና ታገሡኝ። ይህ ጠረጴዛው ላይ ያለው 11 ሊትር የአሉሚኒየም ሲሊንደር ባዶውን 14 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሲሞላ የአየሩ ክብደት ብቻ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ይጨምርበታል። ዝርጉ፣ ከረጢቱና የመተንፈሻው ዕቃ ሲታከሉ ከ20 ኪሎ ያልፋል። ይህን አዝሎ በበጋ የባሮን ገደል፣ በዚያ በሚያንሸራትት ጭቃ ላይ መውረድ ቀላል አይደለም። መሬት ላይ ወገብ ከትከሻ ጋር ሸክሙን መካፈል አለበት። ውኃ ውስጥ ሲገባ ግን ያ ክብደት ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ ውኃው ራሱ ይሸከመዋል። ከዚያ በኋላ የመታጠቂያው ሥራ ሲሊንደሩ እንዳይንከባለልና እንዳይንሸራተት መያዝ ብቻ ነው። እንግዲህ ሱቅ ውስጥ ቆሞ «ተመችቶኛል» ያለ ሰው የተፈተነው ግማሹን ነው። ያ ወፍራም ስፖንጅ የሚያገለግለው ጀልባው ላይ ነው። ውኃ ውስጥ ስፖንጅ ይንሳፈፋል፤ እርሱን ለማስመጥ እርሳስ ይታከላል። በዚህ አገር ሙቀትና ወበቅ ደግሞ እርጥብ ስፖንጅ ሳይደርቅ ይሻግታል።

ከሁለቱ ዝርጎች አንዱ የማይዝግ ብረት ነው፤ 2.7 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሌላው አሉሚኒየም ነው፤ አንድ ኪሎ ያህል ነው። የቱ ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ «ሲሊንደሩ ምንድን ነው?» የሚል ይሆናል። የአሉሚኒየም ሲሊንደር አየሩ ሲያልቅ እየቀለለ ይሄድና መጨረሻ ላይ ራሱ ይንሳፈፋል፤ ጠላቂውንም ወደ ላይ ይጎትተዋል። ከእርሱ ጋር የብረቱ ዝርግ ቢሆን እርሳሱን ይተካል፤ ክብደቱም ወገብ ላይ ከማንጠልጠል ጀርባ ላይ ቢያርፍ ገላ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። ሲሊንደሩ ብረት ከሆነ ግን አሉሚኒየሙን ዝርግ ውሰዱ። ብረት በብረት ላይ ሲሆን፣ ከረጢቱ ቢቀደድ ዋኝቶ መውጣት ይቸግራል።

የመጥለቅ መጽሐፎች የተጻፉት በአብዛኛው ለባሕር ጠላቂ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 1,025 ግራም ያህል ሲመዝን የባሮ ውኃ 1,000 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ባሮ ሰውን የሚያነሣበት ጉልበት ከባሕር ያነሰ ነው፤ ከነትጥቁ 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው ባሕር ላይ ከሚይዘው ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል እርሳስ መቀነስ አለበት። ቀጭን ሰው ስብ ስለሌለው በቀላሉ ይሰምጣል። ውኃው ሞቃት ስለሆነም የሚንሳፈፍ ወፍራም ላስቲክ ልብስ አይለበስም። ጨው አልባ ውኃ፣ ቀጭን ገላ፣ ስስ ልብስ፤ ሦስቱ ሲደመሩ የጋምቤላ ጠላቂ ከባሕር ጠላቂ እጅግ ያነሰ ክብደት ይበቃዋል። የኢታንጉን ልጅ ገንዳው ውስጥ በአሉሚኒየም ሲሊንደርና በብረት ዝርግ፣ አየሩ ሊያልቅ ሲል፣ ከረጢቱን ባዶ አድርገን ፈተንነው። ትንፋሹን በግማሽ ሲይዝ ውኃው ዓይኑ ላይ ቆመ፤ ሲያስወጣ ቀስ ብሎ ሰመጠ። አንድ ፍሬ እርሳስ አላስፈለገውም። መጽሐፉን ብቻ ተከትለን ቢሆን ኖሮ አራት ኪሎ እናስታጥቀው ነበር።

ወደ ጨለማው ውኃ ልመለስ። ክረምት ላይ ባሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው የሚያየው ምንም የለም፤ ዓይኑ እጁ ነው። እጅ ደግሞ ጥቂት ነገር ነው የሚያስታውሰው። መታጠቂያው ላይ አሥር ቁልፍና ስምንት ኪስ ካለ፣ በጭንቅ ሰዓት እጅ ይሳሳታል። አንድ ወጥ ጠፍርና አንድ ዘለበት ሲሆን ግን መሳሳቻ የለውም። የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ ይሰብሰብ፤ ምክንያቱን የዚህ ከተማ ዓሣ አጥማጆች ያውቁታል። የተቀደደ መረብ ውኃ ሥር ይቀራል። ለዓይን የማይታይ ስስ የናይለን ክር ነው፤ አንድ ቀለበት ላይ ከተጠመጠመ ጠላቂውን እንደ ዓሣ ይይዘዋል። ስለዚህ የወገቡ ጠፍር ላይ፣ ሁለቱም እጆች የሚደርሱበት ቦታ፣ ክር መቁረጫ ይኑር። አደራ፣ እግር ላይ አትሰሩት፤ እግሩ የታሰረ ሰው እግሩ ድረስ ላይደርስ ይችላል።

አንድ ወጥ ጠፍር ለሁሉም ይሆናል ማለቴ አይደለም። ትከሻው የተጎዳ ሰው፣ ክንዱን ወደ ኋላ ማጠፍ የሚያመው ሰው፣ ማንገቻው ላይ የሚከፈት ዘለበት ቢኖረው ይሻለዋል። ዘለበቱ ይሰበራል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ሊሰበር ይችላል። ቢሆንም በየጊዜው እየታየ ሊለወጥ ይችላል፤ የተጎዳ ትከሻ ግን አይለወጥም።

ሌላው ጥያቄ መዋዋስ ነው። አንድ ቡድን ስድስት ሰው ኖሮት ሦስት ሲሊንደር ብቻ ሊኖረው ይችላል፤ ሲሊንደር ውድ ነው። ጠፍር ግን ርካሽ ነው። ሲሊንደሩንና ከረጢቱን ይዋዋሱ፤ ዝርግና መታጠቂያ ግን ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ይሁን። ያም ካልተቻለ እያንዳንዱ ልኩን ጠፍሩ ላይ በራሱ ቀለም ክር ይስፋ። የድረሱልን ጥሪ ሲመጣ፣ ወንዝ ዳር እናት እያለቀሰች፣ ጠፍር መለካት አይቻልም።

ዝርጉን ከውጭ ማስመጣትም ግድ አይደለም። እዩት፤ ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የማይዝግ ብረት ነው፤ መሀሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት እጥፋት አለው፤ ጠፍር የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቀዳዳዎችና 28 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው የተበሱ ሁለት የቡሎን ቀዳዳዎች አሉት። ያ ርቀት በዓለም ላይ አንድ ስለሆነ የማንም ፋብሪካ ከረጢት ይገጥመዋል። መጀመሪያ ነገሩን የጀመሩት ጠላቂዎች በየቤታቸው ነበር የሚሠሩት። ጥሩ ብረታ ብረት ቤት በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ለሠራተኛው የምትነግሩት አንድ ነገር አለ፤ የቀዳዳዎቹን ጠርዝ በሞረድ አለዝቦ ጣቱን ያሂድበት። ስለታም ጠርዝ ናይለኑን በጥቂት በጥቂቱ ይበላዋል፤ የሚበጠሰውም ሰው ውኃ ሥር ሳለ ነው። ረጅም ወገብ ላለውም ሰው ዝርጉን ራሱን ሁለት ሦስት ጣት ማስረዘም ይቻላል፤ የቡሎኖቹ ርቀት ብቻ አይነካ። ይህን በየሱቁ አታገኙትም።

ሁለት ነገር ተናግሬ ላብቃ። የካቲትና መጋቢት ላይ የጋምቤላ ፀሐይ ዐርባ ዲግሪ ትደርሳለች፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት ቆዳ ይልጣል። ዝርጉን ከማንጎ ዛፍ ሥር አስቀምጡት፤ ከመታጠቃችሁም በፊት ውኃ አፍስሱበት። ሁለተኛው ከመታጠቂያው ጋር ባይገናኝም ሳልናገር ባልፍ ይጸጽተኛል። ይህች ከተማ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ጠላቂ በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ የሚነግሩት የመጥለቂያ ሠንጠረዦች ከ300 ሜትር በላይ ሲሆን መስተካከል አለባቸው። ጠልቆ የወጣ ሰው ደግሞ በዚያው ቀን መኪና ተሳፍሮ የእኔን አገር ጎሬን አይውጣ፣ አውሮፕላንም አይሳፈር። ገላው ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ አረፋ ሆኖ ይጎዳዋል። ቢያንስ አንድ ሌሊት፣ ደጋግሞ ከጠለቀ 18 ሰዓት ሞልቶ ከዚያ በላይ እዚሁ ይረፍ።

ዛሬ እዚህ ከኃላፊዎችም መካከል የተገኛችሁ አላችሁ። ልመናዬ አንድ ነው። የነፍስ አድን ዕቃ ለመግዛት ወረቀት ስትጽፉ፣ ከዋጋው ዓምድ በፊት የሚታጠቁትን ልጆች ጠርታችሁ ጀርባቸውን ለኩ፤ ከትከሻ እስከ ወገብ፣ የወገብ ዙሪያ፣ የደረት ስፋት። አንድ ሜትርና አንድ ወረቀት ይበቃል። የኢታንጉ ልጅ ዛሬ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል፤ ሜትሩም በእጁ ነው። በሩ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ወደ ጠረጴዛው ኑና ዝርጉን አንግቱት፤ እርሱ ይለካችኋል።